ክራርና በገና ለሚሸጥ ሰው፦ የትኛው ቀን ያጥራል፣ የትኛው አያጥርም?

የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ ስልኬ ላይ የሚመጡት መልእክቶች አንድ ዓይነት ይሆናሉ። «ወንድሜ፣ በገናው ለጾሙ መግቢያ ይደርስልናል?» የሚጠይቁኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ልጆቻቸውን በገና ያስጀመሩ እናቶች ናቸው፤ አንዳንዱ ከጎረቤት ሰፈር፣ ሌላው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ። ዐቢይ ጾም ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይገባል፣ 55 ቀን ቆይቶ በትንሣኤ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የደረሰ በገና ለገዢው የከርሞ ዕቃ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሻጩ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል። ወይ «እሺ» ብሎ ሥራውን ያጣድፋል፣ ወይ «አይደርስም» ብሎ ደንበኛውን ያጣል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። እየሠራሁ ስሄድ የገባኝ ግን አንድ መሣሪያ ከትዕዛዝ እስከ ማስረከቢያ የሚወስዳቸው ቀኖች እኩል እንዳልሆኑ ነው። እንጨትና ቆዳ የሚደርቁባቸው ቀኖች አሉ፤ እነሱን መንካት አይቻልም። ዕቃው ምንም ሳይሠራበት ወረፋ የሚጠብቅባቸው፣ ካርቶን እስኪገኝ ጥግ ላይ የሚቆምባቸው፣ «አውታር አልመጣም» ተብሎ የሚንጠለጠልባቸው ቀኖችም አሉ። ፍጥነት መፈለግ ያለብን ከእነዚህ ነው። ከዚህ በታች አራት የአሠራር መንገዶችን የማነጻጽረውም ይህን ልዩነት ይዤ ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባው ናይለንና የብረት አውታር፣ የኤሌክትሪክ ክራር ማይክና ኬብል ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የጻፍኩት ቁጥር ሳታነቡት ሊያረጅ ይችላል።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት የሚመዘነው እንጨቱ ነው። ለክራር፣ ለበገናና ለከበሮ እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ዋንዛ ነው፤ ጥድና ሌላም ይጨመራል። እንጨት ሠሪዎች አየር ላይ የሚደርቅ ጣውላ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይላሉ። ሻጩ «ደርቋል» ስላለ ብቻ አትመኑ። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ከጣውላው ጫፍ አንድ ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝነዋለሁ፣ ክብደቱን እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ በየሳምንቱ መልሼ እመዝናለሁ። ቁጥሩ መውረድ እስኪያቆም ድረስ እንጨቱ ውስጥ ውኃ አለ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር መጨረሻ ላይ አውሮፓ ያለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት በገና አዘዘኝ። ጾሙ ቀርቧል፣ እኔ ዘንድ የደረቀ እንጨት አልቋል። አንድ እንጨት ነጋዴ «ዓመት ያለፈው ነው» ያለኝን ጣውላ ገዝቼ ለጠራቢው አስረከብኩ፣ ቆዳውንም በሁለተኛው ቀን አስወጥሬ ላክሁት። በሰዓቱ ደረሰ፤ ደስ አላቸው፣ ምስል ላኩልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ምስል መጣ። የድምፅ ሳጥኑ ከግራው ዓምድ ሥር ጀምሮ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል። ክረምታቸው ነው፣ ክፍሉ ቀን ከሌሊት በማሞቂያ ይሞቃል፣ አየሩ ከአዲስ አበባ በጋ ይልቅ ደረቅ ነው። ምስሉን ለምሠራበት አንጋፋ ባለሙያ አሳየሁት። ስልኩን ተቀበለኝና ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እየተከተለ፣ «ልጄ፣ ይሄ እንጨት ገና ውኃ ይዞ ነበር። እዚህ ያላደረቅኸውን እዚያ አደረቁልህ» አለኝ። ገንዘባቸውን መለስኩ። የመላኪያው ሂሳብ ግን በኔ ቀረ፣ ልጆቹም ያን ጾም ያለ በገና አሳለፉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼኛው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ቆዳው ነው። ተነክሮ የለሰለሰ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ድምፁም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በበጋ ጥላ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል፤ በሐምሌ ግን ዐሥር ቀን እንኳ ላይበቃው ይችላል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቃችሁት ከላይ ይጠነክራል፣ ከውስጥ እርጥብ ይቀራል፣ አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ይቀደዳል።

ሦስተኛው ቅኝት መያዙ ነው። አዲስ አውታር ይለጠጣል፣ አዲስ ቆዳ አውታሮቹን ከሚሸከመው ብርኩማ ሥር ትንሽ ይሰምጣል፣ መቃኛው ቦታውን እስኪይዝ ይላላል። ማታ በትዝታ ቃኝታችሁ ስታሳድሩት ጠዋት ወርዶ ካገኛችሁት ለመላክ አልደረሰም። እኔ ሦስት ሌሊት አሳድራለሁ፤ በሦስተኛው ጠዋት የሚወርደው በጣም ጥቂት መሆን አለበት።

አራተኛው ቀኑን ማመን መቻል ነው፤ ይህ ከፍጥነት የተለየ ነገር ነው። አምስት ሳምንት ተብሎ በአምስት ሳምንት የሚደርስ ዕቃ፣ ሁለት ሳምንት ተብሎ በአራት ሳምንት ከሚደርሰው ይልቅ ደንበኛን ያረካል። አምስተኛው የሚታሰረው ገንዘብ ነው፤ አነስተኛ ሻጭ ዐሥር በገና አሠርቶ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ስለማይችል። በመጨረሻ ደግሞ ችግር ቢፈጠር ማን ያስተካክለዋል የሚለውን ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ክራሩን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሂዩስተን ያለው ግን አይመጣም። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ከመላኩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ መጠንከር አለበት።

አንደኛው መንገድ፦ ከመጀመሪያው በትዕዛዝ ማሠራት

ደንበኛው ያዝዛል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ባለሙያው ከእንጨቱ ይጀምራል። ይህ መንገድ የሚመጥነው ምን እንደሚፈልግ በትክክል ለሚያውቅ ሰው ነው፦ ለመድረክ ተጫዋች፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሚማር፣ ቁመቱ ለአጭር ልጅ የተስተካከለ በገና ለሚፈልግ ወላጅ፣ ወይም አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው አራት ክራሮች ለሚፈልግ የባህል ቡድን።

ችግሩ ቀኑ ነው። የደረቀ እንጨት በእጃችሁ ካለ እንኳ በገና እኔ ዘንድ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል። እጅ የሚያርፍበት ሥራ ግን ተደምሮ ስምንት ቀን አይሞላም። የቀረው ማድረቅና ወረፋ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሁልጊዜ ወረፋ አለበት፤ በዓል ያከብራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ በክረምት ደግሞ ብዙዎቹ ለእርሻ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ የባለሙያውን ቃል እንዳለ ለደንበኛው አታስተላልፉ። «በወር» ካላችሁ «በወር ከሁለት ሳምንት» በሉ፣ ምክንያቱንም አስረዱ።

በገና ላይ በምንም መንገድ ማጣደፍ የማይገባው አንድ ሥራ አለ፤ እንዝራ ማስቀመጥ። ዐሥሩ አውታሮች ብርኩማው ላይ የሚያርፉበት ቦታ በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። በገና የሚያንዛዛውን ያን ድምፅ የሚያገኘው ከዚህች ቁራጭ ነው። ባለሙያው አውታሩን በአንድ ጣቱ እየመታ ቆዳዋን በሌላው በፀጉር ስፋት ያህል ወደፊትና ወደኋላ ይገፋታል። ጥቂት ካለፈች ድምፁ ይታፈናል፣ ካልደረሰች አውታሩ ብቻውን ይጮኻል። ዐሥሩን ለማስተካከል አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ደንበኛ «ድምፁ እንደ ሰማሁት አይደለም» ሲል ከዐሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ጥፋቱ እዚህ ነው። የእንጨቱ ጉዳይ የሚሆነው አንዳንዴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ አሠርቶ ማስቀመጥ

ብዙ ሻጭ መደርደሪያ ላይ የቆየ ዕቃ ከትዕዛዝ ሥራ ያነሰ አድርጎ ያየዋል። በእኛ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ስድስት ወር የተቀመጠ ክራር ሊሰነጠቅ ቢሆን እኔ ቤት ተሰንጥቆ ነበር። ቆዳው ተሰብስቦ አልቋል፣ አውታሩ ተለጥጦ አልቋል፣ መቃኛው ቀዳዳውን ለምዷል። ቆይታው ራሱ ዕቃውን ፈትኖታል ማለት ነው። በማግስቱ ብትልኩትም ጥራት አልቀነሳችሁም።

የሚከፈልበት በሌላ በኩል ነው። አንደኛ ገንዘብ ይታሰራል። ሁለተኛ ዕቃው ጠባቂ ይፈልጋል፤ ብል ቆዳውን ይበላል፣ አይጥ ደግሞ የአንጀት አውታር ትወዳለች። በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም አውርዳችሁ ጥረጉ፣ ከጀርባ እዩ፣ ቆዳውን በጣት ነካ ነካ አድርጉ። አውታሮቹን ሙሉ በሙሉ አትፍቱ፣ ጠብቀውም አይቆዩ፤ ብርኩማው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ያህል ላላ ይበሉ። ሦስተኛ ደንበኛው ምርጫ ያጣል፦ ቁመቱ፣ ቀለሙ፣ የጌጡ ቅርጽ ያው ያለው ነው።

የትኛውን መሣሪያ አስቀድሞ ማሠራት እንደሚያዋጣ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያውን እዩ። ከበሮ ለምሳሌ በዐቢይ ጾም አይመታም፤ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ማሕሌቱ በመቋሚያ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ በጾሙ ወራት ከበሮ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ ወቅቱም ደረቅ ነው፣ ቆዳ ደህና አድርጎ ይደርቃል። ለትንሣኤና ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ ሁሉ ከበሮ የማሠራው ያን ጊዜ ነው። በገና ደግሞ በተቃራኒው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሠራና ለጾሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ግማሹን አስቀድሞ፣ ግማሹን በትዕዛዝ

እኔ አሁን በብዛት የምሠራው እንዲህ ነው፣ አቅሙ መካከለኛ ለሆነ ሻጭም ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን ነው። ጊዜ የሚበላውና የማይጣደፈው ሁሉ አስቀድሞ ይሠራል፦ እንጨቱ ደርቆ ይጠረባል፣ ዓምዶቹና ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር ይገጠማሉ፣ ቆዳው ተወጥሮ ይደርቃል። ከዚያ ጌጥ ሳይደረግበት፣ ቀለም ሳይቀባ፣ አውታር ሳይገባ ይቀመጣል። ትዕዛዝ ሲመጣ ደንበኛው ቀለሙን ይመርጣል፣ ስም ወይም መስቀል ይቀረጽለታል፣ ለበገና የበግ አንጀት ወይስ ናይለን፣ ለክራር ናይለን ወይስ ብረት የሚለውን ይወስናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በበጋ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ነው፣ ሦስቱ ሌሊት ለቅኝት ነው።

የሚታሰረው ገንዘብ ካለቀ ዕቃ ያነሰ ነው፤ አውታሩ፣ ጌጡና የመጨረሻው የእጅ ዋጋ ገና አልተከፈለም። ደንበኛውም የራሱን መሣሪያ አሠራሁ ብሎ ይደሰታል፣ እውነትም አሠርቷል። ድክመቱ መጠን መወሰን ማስፈለጉ ነው። እኔ ለክራር ሁለት መጠን፣ ለበገና ሁለት መጠን ብቻ ነው የማስቀምጠው፦ የአዋቂና የልጅ። ከዚያ ውጭ የሚፈልግ ሰው ወደ አንደኛው መንገድ ይሄዳል። ሌላው ድክመት ባለሙያው መሃል ላይ ማቆምን መልመድ አለበት፤ አንዱን መሣሪያ ጀምሮ መጨረስ የለመደ እጅ መጀመሪያ ይከብደዋል። እኔ የፈታሁት በየደረጃው በመክፈል ነው፦ ሲጠረብ፣ ቆዳ ሲለብስ፣ ሲቃኝ።

አራተኛው መንገድ፦ ከገበያ አንሥቶ መሸጥ

ቸርችል ጎዳና ላይ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ያሉትን የስጦታ ዕቃ ሱቆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ክራርና ማሲንቆ በዛጎልና በቀለም አሸብርቀው ተሰቅለዋል። ብዙዎቹ ለግድግዳ የተሠሩ ናቸው፣ ይህም ነውር የለውም። ነውሩ ለግድግዳ የተሠራውን ለጣት ብሎ መሸጥ ነው። በአንድ ቀን ገዝታችሁ በአንድ ቀን ማድረስ ትችላላችሁ፣ ገንዘብም አይታሰርም፣ ግን እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ የሚነግራችሁ የለም።

አንዳንዴ ጥሩ ዕቃ ይገኛል። ክራር ሳነሣ መጀመሪያ የማየው መቃኛውን ነው፤ በሁለት ጣት ሳዞረው እየተንገራገጨ ከሄደ ወይም ስለቀው ወደ ኋላ ከዞረ ይቅር። ቀጥሎ አፍንጫዬን ወደ ቆዳው አስጠጋለሁ፤ የሚሸት ቆዳ በደንብ አልጸዳም ወይም አልደረቀም። ከዚያ ገበቴውን፣ ማለት የድምፅ ሳጥኑን፣ በጣት አጥንት ከጀርባው አንኳኳለሁ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መጮኽ አለበት፤ አንዱ ቦታ ላይ ከደነቆረ ወይ ስንጥቅ በሙጫ ተሸፍኗል፣ ወይ ውፍረቱ እኩል አይደለም። በመጨረሻ ዓይኔን ከታች አስተካክዬ ወደ ቀንበሩ አያለሁ። ቀንበሩ ከተጣመመ አውታሮቹ እኩል አይወጠሩም፣ በባቲ ቃኝታችሁት ወደ አምባሰል ስታዞሩት ይበጣበጣል።

ስለ ዋሽንት፣ ማሲንቆና ከበሮ ባጭሩ

ዋሽንት ላይ ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም። ሸምበቆው ከደረቀና አራቱ ቀዳዳዎች ከተስተካከሉ ያለቀ ነው፤ ቦታም አይፈጅም። ተጫዋቾች ለየቅኝቱና ለየድምፁ የተለያየ ርዝመት ስለሚይዙ በአንድ ጊዜ ሃያ ሠላሳ አስቀምጡ፣ በማግስቱ ላኩ። ማሲንቆ ደግሞ ችግሩ ያለው ጭራው ላይ ነው፦ የፈረስ ጭራ ጥሩው ሲገኝ በብዛት ግዙ፣ ምክንያቱም ዕቃው አልቆ ጭራ ሲጠበቅ ሁለት ሳምንት የቆየብኝ ጊዜ አለ። ከደጋኑ ጋር ጭራው የሚታሽበት ትንሽ የዛፍ ሙጫ ጨምራችሁ ላኩ፤ ያለ እሱ ጭራው ድምፅ አይሰጥም፣ ውጭ አገር ያለ ጀማሪ ይህን አያውቅም። ከበሮ ላይ ዋናው ጣጣ መጠኑ ነው፣ እሱም ወደ ማጓጓዣው ይወስደናል።

ማድረሻው፦ የተገኘው ቀን የሚጠፋበት ቦታ

አዲስ አበባ ውስጥ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት በሞተር በዚያው ቀን ይደርሳሉ። በገናና ትልቅ ከበሮ በሞተር አትላኩ፤ አንድ ጉድጓድ እንዝራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ለራይድ መኪና ክፈሉ፣ ወይም ደንበኛው መጥቶ ይሰማውና ይውሰድ።

ወደ ውጭ ሲሆን ሻጮች የሚሳሳቱት ክብደት ላይ ነው። ዲኤችኤልን የመሰሉ ፈጣን ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ሚዛን ላይ ከወጣው ክብደትና በመጠን ከተሰላው ክብደት የበለጠውን ነው። በመጠን ሲሰላ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይባዙና ለ5000 ይካፈላሉ። 125 × 60 × 30 የሆነ የበገና ካርቶን 225,000 ይሆናል፣ ለ5000 ሲካፈል 45 ኪሎ። በገናው በሚዛን የቱንም ያህል ቢቀል የሚከፈለው ለ45 ኪሎ ነው። 70 × 45 × 25 የሆነ የክራር ካርቶን ግን 15.75 ኪሎ ብቻ ይሆናል። በአየር ካርጎ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ለ6000 ስለሚካፈል ያው በገና 37.5 ኪሎ ይመጣል፤ ግን ተቀባዩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ጉምሩክ ጨርሶ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ዋጋ ከመንገራችሁ በፊት ካርቶኑን ለኩ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስፖንጅ ብዙ ዋጋ ይጨምራል።

ኢኤምኤስ የሚባለው የፖስታ ቤቱ ፈጣን መላኪያ ለዋሽንትና ለትንሽ ክራር ዋጋው ይቀላል፣ ቀኑ ግን የተቀባዩ አገር ፖስታና ጉምሩክ ላይ ይወሰናል፤ ለበዓል የሚፈለግ ዕቃ በዚህ ሲላክ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ትርፍ ያዙ።

አራተኛው የመላኪያ ዘዴ ሁላችንም የለመድነው ነው፦ ተጓዥ ፈልጎ መስጠት። አየር መንገዶች ለሻንጣ የሚፈቅዱት መጠን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ በብዛት 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ ያልኩት የክራር ካርቶን 140 ስለሚሆን ያልፋል። በገናው 215 ስለሚሆን ትርፍ ይከፈልበታል፣ ይህን ተጓዡ ቦሌ ላይ ሳይሆን ከእናንተ አስቀድሞ መስማት አለበት። በገናና ከበሮ አሮጌ መስለው ከታዩ የቅርስ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ አዲስ የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ከዕቃው ጋር ይሂድ።

ሌላ ሁለት ነገር። በጣውላ ሳጥን የምታሽጉ ከሆነ ብዙ አገሮች አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ደንብ መሠረት እንጨቱ በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ኮምፖርሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን ይህን ችግር ያስቀራል። ቆዳ ያለበት ዕቃ ስትልኩ ደግሞ ሰነዱ ላይ በግልጽ «ቆዳ ያለበት» ብላችሁ ጻፉ። አውስትራሊያ በተለይ በቆዳና በእንጨት ላይ ጥብቅ ናት። ያልተነገረ ቆዳ ተይዞ ከሚቆይ፣ ተነግሮ ቢፈተሽ ቀኑ ያጥራል።

ከማሸጋችሁ በፊት ብርኩማው ያለበትን ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ በቀጭኑ ምልክት አድርጉ፣ አውታሩን አላሉ፣ ከብርኩማው ሥር ለስላሳ ጨርቅ አድርጉ። ደንበኛው ሲከፍት ብርኩማው ቢንቀሳቀስ እንኳ ምልክቱን አይቶ ይመልሰዋል።

በሰንጠረዥ ሲታይ

ቀኖቹ ከራሴ ሥራ የወሰድኳቸው ናቸው፤ በገናን ይመለከታሉ፣ ማጓጓዣን አይጨምሩም።

| አሠራር | በበጋ | በክረምት | ጥራቱ | የሚታሰር ገንዘብ | ቀኑን ማመን | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ከመጀመሪያው በትዕዛዝ | 5–7 ሳምንት | 8–10 ሳምንት | ከፍተኛ፣ እንጨቱ ከደረቀ | የለም፣ ቀብድ አለ | ዝቅተኛ | ለባለሙያ ተጫዋች፣ ልዩ መጠን ለሚፈልግ |
| አሠርቶ ማስቀመጥ | 1–2 ቀን | 1–2 ቀን | ከፍተኛ፣ በቆይታ የተፈተነ | ብዙ | ከፍተኛ | ለሩቅ አገር፣ ለበዓል ለሚቸኩል |
| ግማሽ ዝግጁ | 5–8 ቀን | 7–10 ቀን | ከፍተኛ | መካከለኛ | ጥሩ | ለአብዛኛው ደንበኛ |
| ከገበያ ማንሣት | በዕለቱ | በዕለቱ | አይታወቅም | የለም | ከፍተኛ | ለጌጥ፣ ለስጦታ |

እንደ አቅማችሁና እንደ ደንበኛችሁ

ገና የምትጀምሩና ገንዘብ የሌላችሁ ከሆነ በበገና አትጀምሩ። ዋሽንት አስቀምጡ፣ ሦስት አራት ክራር ግማሽ ዝግጁ አድርጉ፣ ሌላውን በትዕዛዝና በቀብድ ተቀበሉ። በቴሌብር ግማሽ ቀብድ ያልከፈለ ትዕዛዝ ወረፋ ውስጥ አይግባ፤ የከፈለው ሰው ቀን በእሱ ምክንያት ይዘገያልና። የመጀመሪያው ትርፍ ሲገኝ ጌጥ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አውሉት። ዛሬ ገዝታችሁ ለከርሞ የምታቆሙት ዋንዛ ከምንም በላይ ፍጥነት ይሰጣችኋል።

ደንበኞቻችሁ አዲስ አበባ ያሉ ተማሪዎች ከሆኑ ፍጥነቱን በሌላ ነገር መሙላት ይቻላል። የራሳቸው እስኪደርስ መለማመጃ ክራር አውሱ። እኔ ለዚህ ብቻ ሁለት አሮጌ ክራሮች አሉኝ፤ ተማሪ አንዱን ይዞ ከሄደ «መቼ ይደርሳል» እያለ አይደውልም፣ ባለሙያውም ተረጋግቶ ይሠራል።

ከሩቅ አገር ለሚያዙ፣ በተለይ ክረምቱ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ለሚነድባቸው ወይም እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ኤሲ ለማይጠፋባቸው፣ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ አንድ በጋ ያለፈበትን ብቻ ላኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌላችሁ «ለዘንድሮ ጾም የለኝም» በሉ። ይህን ማለት ይከብዳል፤ እኔ ግን ያ የተሰነጠቀ በገና ከመጣብኝ በኋላ ብዬዋለሁ፣ ከነገርኳቸው መካከል በጥቅምት ተመልሰው ያዘዙ አሉ።

በጣም ከባዱ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጋ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይመጣሉ፣ «ሳንመለስ ይድረስልን» ይላሉ። ቆዳ በማይደርቅበት ወር የሚቸኩል ደንበኛ ይበዛል። ለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፦ ቆዳው በግንቦት ይለበስ። ሰኔ ከገባ በኋላ እኔ ቤት አዲስ ቆዳ የሚወጠረው ለሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው።

ለቡድን የሚያዝ፣ ለምሳሌ ስድስት ከበሮ ወይም አራት በገና የሚፈልግ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ቀን አስረክባለሁ አትበሉ። ሁለቱን ካስቀመጣችሁት ስጡ፣ ልምምዳቸውን ይጀምሩ፣ የቀሩት በየሳምንቱ ይግቡ። ገንዘባቸው አነስተኛ ከሆነ ጌጡን ቀንሱ፣ ዛጎሉና ቅርጹ ይቅር፤ የእንጨቱን ድርቀትና ሦስቱን የቅኝት ሌሊቶች ግን አትቀንሱ። ለግድግዳ ወይም ለሠርግ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከገበያ የተነሣው ይበቃዋል፣ ለማይጫወትበት ዕቃ የበገና ሠሪ ዋጋ አታስከፍሉት።

ደንበኛ ሲጠብቅ የሚያስጨንቀው የቀኑ ርዝመት ብቻ አይደለም፣ በዚያ ቀን ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ አለማወቁም ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ነግሬ ዝም አልልም፣ ደረጃውን እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት ለአንዲት እናት የላክሁት እንዲህ ይል ነበር፦ «የልጅዎ በገና ዓምዱና ቀንበሩ አልቋል። ቆዳው ትናንት ተወጥሯል፣ እስከ ማክሰኞ ይደርቃል። ከዚያ አውታር ገብቶ ሦስት ሌሊት ተቃኝቶ ያድራል። ቅዳሜ ድምፁን ቀርጬ እልክልዎታለሁ፣ ሰምተው ከተስማሙ ሰኞ ይላካል።» ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። ቆዳውን በጣቴ ስነካው ገና ቀዝቃዛ ነበር፣ ይህንኑ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ፦ «ይቆይ ልጄ፣ አታስቸኩለው። እኛ እንጠብቃለን።»